ከአምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት

ለአንዲት ሚጢጢ ቡና መሸጫ የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓት ማውጣት ምን ያህል ከባድ ይመስላችኋል? ለእኔማ አንድ ሲኒ ቡና ተጠጥቶ ሳያልቅ የሚያልቅ ጉዳይ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ግን ሰው መጥቶ «ሱቅ ልከፍት ነው፤ በስንት ሰዓት ብከፍት ይሻላል?» ቢለኝ፣ እንዳልሰማ ሆኜ ነው የማልፈው። በዚህ ዕድሜዬ «ጆሮዬ አይሰማም» ብል የሚጠራጠረኝ የለም። እርጅና ካሉት ጥቂት ጥቅሞች አንዱ ይሄ ነው፤ ሌላው ታክሲ ውስጥ የፊት ወንበር ማግኘት ነው፤ ሦስተኛውን ረስቼዋለሁ።

ነገሩን ያመጡት ባለቤቴ በላይነሽና ጎረቤታችን ዘሃራ ናቸው። «ጎረቤታችን» የምለው ከልማድ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ ግቢ፣ አንድ ግድግዳ ተጋርተን፣ ልጆቻችንን አቀላቅለን ያሳደግን ሰዎች ነን። ልጅ ሲያጠፋ ቅርብ ያለችው እናት ትቆነጥጠዋለች እንጂ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ እኛ እዚሁ ቂርቆስ ውስጥ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ወጣን፤ ዘሃራ ደግሞ ባምቢስ አካባቢ ልጇ ዘንድ ገባች። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ በስልክ ሆነ የሚገናኙት። በላይነሽ ወጥ እየሠራች ስልኩን በትከሻዋ ይዛ «ዘሁዬ፣ ጨው ጨረስኩ እኮ» ትላለች። እንደ ድሮው ማለት ነው፤ ድሮ ግድግዳውን መታ መታ አድርጋ ነበር የምትናገረው። ጨው በስልክ አይመጣም። መናገሩን ግን አልተወችም።

አንድ ቀን እንግዲህ እነዚህ ሁለት ሴቶች የዕቁብ ዕጣቸውን አቀላቅለው፣ ከድሮው ግቢያችን ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ሕንፃ ሥር ቁም ሣጥን የምታህል ሱቅ ተከራዩ። የጀበና ቡና ሊሸጡ! እኔን ማንም አላማከረኝም። ኪራዩ ተከፍሎ፣ ሲኒው ተገዝቶ፣ በርጩማው ተደርድሮ ካለቀ በኋላ ነው የተጠራሁት፤ እሱም በሰዓቱ ጉዳይ ብቻ።

«አንተ የሰዓት ሰው ነህ» አለችኝ በላይነሽ። «አንድ ማስታወቂያ ጻፍልን።»

እውነቷን ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞችን የመግቢያ ሰዓት ፊርማ የምቆጣጠር ሰው ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት መዝገቡን ታቅፌ በር ላይ እቆማለሁ፤ ያረፈደውን በቀይ አሰምርበታለሁ። እኔ ራሴ ባረፈድኩ ቀን መዝገቡም አብሮኝ ያረፍዳልና፣ በዚያን ቀን ያረፈደ ሰው አይገኝም። ሠራተኛው ምን ያህል ይወደኝ እንደነበር አትጠይቁኝ።

እናም ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ሁለቱን ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳቸው።

«በስንት ሰዓት እንክፈት?»

«ዘሃራ እንዳለች» አለች በላይነሽ።

«ኧረ በላዬ እንዳለች!» አለች ዘሃራ።

«አንቺ ተናገሪ እንጂ።»

«አንቺ ቁጭ ብለሽ እኔ ምን ቆርጦኝ!»

«በሞቴ!»

«አንቺ አትሙቺ! እኔ ልሙት፣ አንቺው ተናገሪ።»

ይሄ ብቻውን ግማሽ ቀን ፈጀ ብል አጋነንክ ትሉኛላችሁ። አጋንኛለሁ። ግን ብዙም አይደለም። ይሉኝታ ቢመዘን ኖሮ እነዚህን ሁለት ሴቶች የሚችል ሚዛን አይገኝም ነበር። ጽዋ ተራ ቢደርሳቸው እንኳ «አንቺ ቅደሚ» ሲባባሉ ጠላው ይሻግት ነበር፤ ደግነቱ ዘሃራ ጠላ አትጠጣም።

በመጨረሻ ለየብቻ ላናግራቸው ብዬ ተነሣሁ። ወጥ ቤት ስገባ በላይነሽ ተከትላኝ ገባችና በሹክሹክታ፣ «ስማ፣ ማታ ማታውን እንዳታስገባው። ዘሃራ ደም ግፊት አለባት። ሶላቷ አለ፣ ቤቷ አለ። ቢበዛ ከዘጠኝ ማለፍ የለባትም። እኔ ያልኩ እንዳይመስል፣ እሺ?» አለችኝ።

ዘሃራን ልሸኝ ደረጃ ስወርድ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «ጋሼ፣ በጠዋት እንዳያደርጉት! በላዬ በዚያ ጉልበቷ ሳይነጋ ይሄን ሁሉ ደረጃ ልትወርድ ነው? ኪዳኗንስ መቼ ልታደርስ? ከአምስት ሰዓት በፊት እንዳይሞክሩት። እኔ እንዳልኩ ደግሞ እንዳይነግሯት፣ በአላህ!»

እኔ ታማኝ ሰው ነኝ። የሁለቱንም ምሥጢር ጠበቅኩ። ከቀኑ ላይ ጠዋቱን ቀነስኩ፣ ማታውን ቀነስኩ፤ የተረፈውን በነጭ ቆርቆሮ ላይ በቀይ ቀለም፣ በዚያ በማውቅበት የመሥሪያ ቤት ቁም ጽሕፈት እንዲህ ስል አሰፈርኩት፦

«የምንከፍትበት ሰዓት፦ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት።»

ጽሕፈቱ ያምራል። ረጃጅም ሚስማር መርጬ ከግድግዳው ጋር አጣበቅኩት፤ ሕንፃው ካልፈረሰ በቀር የሚነቅለው የለም። ሁለቱ ሴቶች መጥተው አዩት። እያንዳንዷ ለሌላዋ የለመነችው ስለተሟላላት ቅር አላላትም፤ ሌላውን ደግሞ በይሉኝታ ዋጠችው።

ገና ሚስማሩን መትቼ ሳልጨርስ፣ ፎቁ ላይ ከሚሠሩት ልጆች አንዷ፣ ባጇን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ቀልጣፋ ልጅ፣ ቆማ አነበበችው።

«ፋዘር፣ ማለቴ፣ ሰው ቡና የሚያምረው እኮ ኦፊስ ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ነው። በቃ ሁለቱንም ዘጋችሁት?»

«ልጄ፣ የእኛ ቡና ለታጋሽ ሰው ነው» አልኳት።

ታጋሽ ሰው ካዛንቺስ ውስጥ ስንት እንዳለ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተረዳሁ። እኔ ነበርኩ። በር ላይ ወንበሬን አውጥቼ እቀመጣለሁ፤ የማላውቀውን ሰው ሁሉ ሰላም እላለሁ፤ ሰላምታዬን ተቀብሎ ሌላ ቦታ ሄዶ ይጠጣል። እንዲህ ከቀጠለ ሱቋ መንፈቅ እንደማትሞላ ለማወቅ ነጋዴ መሆን አያሻም። ኪራዩ አልነበረም ያስጨነቀኝ። ሱቋ ከተዘጋች ሁለቱ ሴቶች ወደዚያ ስልካቸው ሊመለሱ ነው።

በዚህ መሐል በላይነሽ በየቀኑ ኪዳን ማድረስ አመጣች። ድሮ እሑድ እሑድና በወሩ በዓላት ነበር የምትሄደው። አሁን ገና ሳይነጋ ነጠላዋን ተከናንባ ውልቅ ትላለች። እኔም አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ስለ እኔም ጸልያ ትመጣለች በሚል ተስፋ እንቅልፌን እቀጥላለሁ። አንድ ጠዋት ግን ስትመለስ ነጠላዋ ከሰል ከሰል ሸተተኝ። በነጋታውም እንደዚያው። ፊቷ ደግሞ ፈክቷል፤ በአራተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ እያንጎራጎረች ትወጣለች!

ከእንግዲህ የምነግራችሁን ለልጆቼ አትንገሩብኝ። ቀናሁ። አዎ፣ እኔ! ጥርሴን ማታ ማታ ብርጭቆ ውስጥ የማሳድር ሰው፣ በሚስቴ ቀናሁ። በማግሥቱ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ስቤ ተከተልኳት። ከመብራት እንጨት ጀርባ እየተደበቅኩ ነው የሄድኩት፤ እንጨቱ ቀጭን ነው፣ ሆዴ ደግሞ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሁለቱም በኩል ይታያል። አንድ የታክሲ ረዳት «አባባ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለኝ። «ሚስቴ» ልለው ነበር።

በላይነሽ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመች፣ ተሳለመች፣ አማተበች፤ ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ሱቋ። በሩን ከፈተች፣ ማንደጃውን አያያዘች። ትንሽ ቆይቶ ሱቋ በሰው ተከበበች። ከሌሊት ተራ የወጣ ጥበቃ፣ ሾፌር፣ ረዳት፣ ቢሮ የሚያጸዱ ሴቶች። ባለቤቴ በመሐላቸው፣ «ና የኔ ልጅ፣ ዛሬስ እንዴት አደርክ? ያ ጉንፋን ተወህ?» እያለች ትቀዳለች። ማን ጉንፋን እንደያዘው፣ ማን ስኳር እንደማይወድ፣ ሁሉንም ታውቃለች። ቆሜ ቀረሁ። የዛሬ ስንት ዘመን ያገባኋትን ልጅ ነበር ያየሁት፤ ልዩነቱ የዛሬዋ መነጽር አድርጋለች።

ስታየኝ ደነገጠች። ወዲያው እኔኑ ተቆጣች፤ ስትደነግጥ እኔን መቆጣት ልማዷ ነው።

«አንተ ሰውዬ! ለዘሃራ ትንፍሽ ብትል! ጠዋት እየለፋሁ መሆኔን ከሰማች ነገ እሷም ሳይነጋ ከባምቢስ ትመጣለች። በዚያ ግፊቷ! ምንም አላየህም፣ ገባህ?»

«ምንም አላየሁም» አልኩና አንድ ሲኒ ጠጥቼ ሄድኩ።

በዚያው ሰሞን አመሻሽ ላይ እግሬን ላፍታታ ብዬ ወጣሁ። በሱቋ በኩል ሳልፍ መብራት በርቷል። ሰዉ በርጩማው አልበቃ ብሎት የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ያቺ ባጅ ያንጠለጠለች ልጅ ጫማዋን አውልቃ ስለ አለቃዋ ታማርራለች። መሐል ላይ ዘሃራ! «ተይው የኔ እናት፣ አለቃ ማለት ዝናብ ነው፣ አባርቶ ይሄዳል» እያለች ታጽናናታለች። እንደ እሷ ያለ የሚያዳምጥ ሰው በዚህ ከተማ ቢፈለግ አይገኝም። ሰው ሲያወራት አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ሲኒውን በእጇ እንደያዘች ትረሳዋለች። ደንበኛውም ቡናውን መጠየቁን ይረሳል።

«ውይ ጋሼ!» አለች ስታየኝ። «በላዬ እንዳትሰማ! ማታ እንደምከፍት ከሰማች በዚያ ጉልበቷ ማታም እዚህ ልቁም ትላለች። በአላህ ይዤዎታለሁ!»

«ምንም አላየሁም» አልኩ። መቼም ዓይኔም እንደ ጆሮዬ ሆነ።

አሁን ጉዱን ተመልከቱ። አንዷ ሳይነጋ ተነሥታ ትሠራለች፤ አንዷ አምሽታ ትገባለች። አምስት ሰዓት ሲሆን ሁለቱም ደክሟቸዋል። በላይነሽ ትደውላለች፤ «ዘሁዬ፣ ዛሬ ትንሽ ጉዳይ አለኝ፤ አንቺም ዕረፊ፣ ይዘጋ።» ዘሃራም ደስ እያላት፣ «ምን ችግር አለው በላዬ፣ ይዘጋ!» እናም ከአምስት እስከ ዘጠኝ፣ ማስታወቂያዬ ክፍት ነው በሚልበት ሰዓት፣ በሩ ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ ይውላል። እኔ ከሥሩ ወንበሬ ላይ ነኝ።

«ፋዘር፣ ሳይኑ ክፍት ነው ይላል እኮ» አለችኝ ያቺ ልጅ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት።

«ሳይኑ ትክክል ነው።»

«በሩ ግን ዝግ ነው።»

«በሩም ትክክል ነው።»

ትንሽ አየችኝና፣ «አይዞዎት» ብላኝ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ፎቁ ላይ ያሉት ልጆች ማስታወቂያዬን ገልብጠው ማንበብ ጀመሩ። ክፍት ነው ካለ ዝግ ነው፤ ካላለ ክፍት ነው። ዕድሜ ልኬን ሰዓት ስቆጣጠር ኖሬ፣ በስተርጅና እንዲህ ያለ ሰዓት አወጣሁ።

ይሄም ባልከፋ። ስኳሩ መጣ። በላይነሽ ጠዋት ስትከፍት ትናንት ትታው የሄደችው ስኳር ጎድሏል። ዘሃራም ማታ ስትከፍት እንዲሁ። ሱቋ በር ላይ ሲውል የሚታየው ማነው? እኔ። ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ የሚያውቀው ማነው? እኔ።

«ስኳር ትልሳለህ!» አለችኝ በላይነሽ።

ምን ልበል? አልላስኩም ካልኩ ማን ጨረሰው ልትል ነው። «ትንሽ ቀምሻለሁ» አልኩ። በማግሥቱ ዘሃራ በለሆሳስ፣ «ጋሼ፣ ለጤናዎ ብዬ ነው፤ ስኳሩን ይተዉት» አለችኝ። እሺ፣ እተዋለሁ አልኩ። ከዚያ የቡናው ዱቄት ጎደለ፤ እሱንም ቀመስኩ። ከሰሉ ሲጎድል ግን ቸገረኝ። በላይነሽ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ከሰሉንስ? ከሰሉንም ላስከው?» አለች።

ክሊኒክ ወሰደችኝ። ደሜ ተመረመረ፣ ንጹሕ ሆነ። «መሣሪያቸው ተበላሽቶ ነው» ብላ አላመነችም። ዘሃራ በበኩሏ አብሽ ዘፍዝፋ በጠርሙስ ላከችልኝ። በባዶ ሆዴ ያልበላሁትን ስኳር በአብሽ አወረድኩ። የገንዘብ ሣጥኗ ደግሞ ከተጠበቀው በላይ ትሞላለች። በላይነሽ፣ «የገብርኤል ሥራ ነው» ትላለች፤ ዘሃራ፣ «በረካ ነው» ትላለች። ስኳር ሲጎድል እኔ፣ ገንዘብ ሲሞላ ሰማይ!

አንድ ቀን እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ሁለቱም ተሳክቶላቸው በአምስት ሰዓት መጡ። በሩ ተከፈተ። ማስታወቂያዬ ከስንት ጊዜ በኋላ እውነት ተናገረ። ደስ ብሎኝ ወንበሬን ወደ ውስጥ ሳስገባ፣ ማቴዎስ ከተፍ አለ። ማቴዎስ የጎረቤት ሕንፃ ጥበቃ ነው፤ አንድ ሳምንት የሌሊት፣ አንድ ሳምንት የቀን ተራ የሚገባ፣ ክፋት የማያውቅ ሰው። ሁለቱን ሴቶች አንድ ላይ ሲያይ ፊቱ በራ።

«እማማ በላይነሽ፣ የእርስዎ የጠዋቱ ቡና ወፍራም ነው፤ ከሌሊት ተራ ስወጣ ነፍሴን ይመልሳታል። እማማ ዘሃራ፣ የእርስዎ የማታው ደግሞ ለስላሳ ነው፤ የቀን ተረኛ ስሆን እሱን ጠጥቼ ነው ቤቴ የምገባ። ሁለታችሁንም ዕድሜ ይስጥልኝ!»

ከዚህ በላይ ምርቃት የለም። ግን ሁለቱ ሴቶች ድርቅ አሉ።

«ጠዋት?» አለች ዘሃራ።

«ማታ?» አለች በላይነሽ።

«አንቺ በዚያ ጉልበትሽ ሳይነጋ እየወጣሽ ነው?»

«አንቺስ በዚያ ግፊትሽ እያመሸሽ ነው? ብትወድቂብኝስ?»

«ደረጃ ላይ ብትንሸራተቺስ? ለማን ልትተዪኝ ነው?»

«ደብቀሽኝ! እኔን!»

«አንቺ አልደበቅሽኝም?»

ማቴዎስ ምን አጠፋሁ ብሎ ኮፍያውን አወለቀ። በአንድ ግቢ በኖሩበት ዘመን ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም። ሱቋ ያኔውኑ ያለቀላት መሰለኝ። ቀጥሎ ደግሞ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«ጋሼ ያውቁ ነበር?»

«ጆሮዬ አይሰማም» አልኩ።

መጀመሪያ የሳቀችው ዘሃራ ናት። ሳቋ በዚያው ወደ እንባ ዞረና በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። በላይነሽ በርጩማ ስባ ከአጠገቧ ተቀመጠች።

«ዘሁዬ፣ ለአንቺ ብቻ ብዬ እንዳይመስልሽ» አለች። «ጉልበቴማ አራተኛ ፎቅ ቁጭ ብዬም ያመኛል። ግቢ ሳለን ጠዋት በር ስከፍት እንዴት አደርሽ የሚለኝ ነበር። አሁን በር ስከፍት ግድግዳ ነው። እዚህ ግን የታክሲ ረዳቱ እንኳ ስሜን ጠርቶ እንዴት አደርሽ ይለኛል።»

እኔስ አልላትም? እላታለሁ። ተኝቼ ነው እንጂ።

«እኔስ ብትይ» አለች ዘሃራ። «ልጄ ጥሩ ልጅ ነው፤ ሚስቱም ጥሩ ናት። ማታ ማታ ግን ሁለቱም ስልካቸውን ያያሉ፤ እኔ እነሱን አያለሁ። እዚህ ሰው ያወራኛል በላዬ። የሚያወራኝ ሰው ሲኖር ግፊቴም ይወርዳል።»

በሕይወቴ ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ። እንደዚያ ቀን ያለ ስብሰባ ግን አላየሁም። አጀንዳ የለ፣ ቃለ ጉባኤ የለ፤ ማቴዎስ ሲኒውን ሳይጨርስ ሁሉም ነገር አለቀ። ጠዋቱ የበላይነሽ፣ ማታው የዘሃራ። የቀኑስ? ቀኑን በር ዘግተው፣ ሁለቱ ብቻቸውን፣ ከአንድ ትሪ ምሳቸውን ሊበሉ። በጾም ወቅት ምሳው ይቀራል፣ ወሬው ይቀጥላል።

«የምሳ ሰዓት ደንበኛስ?» አልኩ፣ እንደ ባለሙያ።

«በምሳ ሰዓት ሰው ምሳውን ይብላ» አለች በላይነሽ።

ቀሪው ማስታወቂያዬ ነበር። ልንቀለው ብሞክር ሚስማሩ አልነቃነቅ አለ። ዘሃራ መነጽሯን አድርጋ ትንሽ አየችውና፣ «ጋሼ፣ ምን አለፋዎት? ሰዓቱ እኮ ልክ ነው» አለችኝ። እውነትም ልክ ነው! ብሩሼን አምጥቼ «የምንከፍትበት» የሚለውን ሰርዤ «የምንዘጋበት» ብዬ ጻፍኩ። ሌላውን አልነካሁትም። ዛሬ ካዛንቺስ ውስጥ እንደዚያ ቆርቆሮ እውነት የሚናገር ማስታወቂያ የለም።

ስሜም ከስኳሩ ነጻ ወጣ። አብሹ ግን እስካሁን በጠርሙስ ይመጣል፤ ዘሃራ፣ «ለማንኛውም» ትላለች።

ትናንት በሰባት ሰዓት ገደማ ራበኝና ወደ ሱቋ ሄድኩ። የምስር ወጡ ሽታ በበሩ ሥር ይወጣል። አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለች በላይነሽ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ።»

«ማስታወቂያ አታነብም?»

ቀና ብዬ አነበብኩት። ጽሕፈቱ አሁንም ያምራል። ያረፈደን ሰው ሁሉ በር ላይ ሳስቆም የኖርኩ ሰው ነኝና መከራከር አልቻልኩም። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ዘጠኝ ሰዓትን መጠበቅ ጀመርኩ። ከውስጥ ሁለቱ ይስቃሉ፤ በምን እንደሚሳሳቁ ባውቅ ደስ ባለኝ፤ ስለ እኔ መሆኑን ግን አልጠራጠርም። ትንሽ ቆይቶ የበላይነሽ ድምፅ መጣ።

«ዘሁዬ፣ ጨው አነሰው።»

ከዚያ የበርጩማ ድምፅ፣ የትሪ ድምፅ፤ ቀጥሎም ዘሃራ፣

«እንኪ።»